አልጫንም ላለ ሶፍትዌር የትኛው ማራገፊያ ይሻላል? ሪቮ፣ ጊክ፣ ቢሲዩ ወይስ ፎርማት

ሰኔ 26 ቀን የአንድ እህል ነጋዴ ሒሳብ ሠራተኛ ሲፒዩውን በማዳበሪያ ጆንያ ጠቅልሎ ከቡሬ ደብረ ማርቆስ ድረስ ይዞልኝ መጣ። ፒችትሪ የተባለው የሒሳብ ፕሮግራም ሲያስቸግረው አራግፎ እንደገና ሊጭን አስቦ ነበር፤ ማራገፉ ግማሽ ላይ ሲደርስ መብራት ሄደ። ከዚያ ወዲያ ላራግፍ ሲል «የማራገፊያው ፋይል የለም»፣ ልጫን ሲል «ቀድሞ ተጭኗል» ይለዋል። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ይዘጋል። የቀረው አራት ቀን ነው።

ችግሩ በፒችትሪ ብቻ የሚደርስ አይደለም። ዊንዶውስ ላይ አንድ ፕሮግራም ሲጫን በአንድ ፎልደር ተሰብስቦ አይቀመጥም። ዋናው አካሉ ፕሮግራም ፋይልስ ውስጥ ይገባል፤ ሌላው ፕሮግራም ዳታና አፕዳታ በሚባሉት የተደበቁ ፎልደሮች ይቀመጣል፤ «እኔ እዚህ አለሁ» የሚለው መዝገቡ ሬጂስትሪ በሚባለው የዊንዶውስ የቅንብር ማኅደር ውስጥ ይሰፍራል። ፋይሎቹ ጠፍተው መዝገቡ ከቀረ አዲሱ ጫኝ አሮጌው ያለ መስሎት እምቢ ይላል። ሙጃን ከላይ አጭዶ ሥሩን እንደመተው ነው።

ርዝራዡን ለማጽዳት ከሚቀርቡት መሣሪያዎች ስትመርጡ እኔ የማስቀድመው መለኪያ አንድ ነው፤ ከማጥፋቱ በፊት የሚያጠፋውን አንድ በአንድ ያሳያል ወይ? ምክንያቱም ብዙ ጊዜ የዓመት ሥራችሁ የተቀመጠው ከርዝራዡ ጎን ነው።

መጀመሪያ የምትሞክሩት የማይክሮሶፍትን የመጫንና የማራገፍ ችግር መፍቻ ይሁን። ነፃ ነው፣ መጠኑም ትንሽ ነው። የፕሮግራሞቹን ዝርዝር ያወጣላችኋል፣ ያስቸገራችሁን ትመርጣላችሁ፣ የተበላሸውን የሬጂስትሪ መዝገብ ያስተካክላል። ፎልደሮችን እየዞረ አይጠርግም፤ ስለዚህ ጉዳቱ ትንሽ ነው፣ አቅሙም የዚያኑ ያህል የተወሰነ ነው። ማይክሮሶፍት ራሱ ድሮ ያወጣው ክሊንአፕ ዩቲሊቲ የሚባል ሌላ መሣሪያ ነበር። ሌሎች ፕሮግራሞችን ስለሚጎዳ እ.ኤ.አ. በ2010 ከአገልግሎት አውጥቶታል። በአሮጌ ፍላሽ ላይ ካገኛችሁት አትንኩት።

ሪቮ አንኢንስቶለር ነፃም የሚከፈልበትም አለው። ሁለቱም መጀመሪያ የመመለሻ ነጥብ ይፈጥራሉ፣ የፕሮግራሙን የራሱን ማራገፊያ ያስነሳሉ፣ ከዚያ በሦስት የጥልቀት ደረጃ ርዝራዡን ይፈልጋሉ። መካከለኛው ደረጃ ለአብዛኛው ሥራ ይበቃል። ሬጂስትሪ ውስጥ ያገኘውን ሲዘረዝር የሚጠፋው በደማቅ የተጻፈው ብቻ ነው፤ ቀጥሎ የፋይሎቹን ዝርዝር ያመጣል። የቡሬው ልጅ ማሽን ላይ እዚህ ስንደርስ «ሁሉንም ምረጥ» ሊጫን እጁ ተዘርግቶ ነበር። ቆይ አልኩትና ዝርዝሩን ወደ ታች ጎተትኩ። ካምፓኒ የሚለው ፎልደር፣ የነጋዴው የዓመቱ ግዥና ሽያጭ በሙሉ፣ ከሚጠፉት መሀል ተሰልፏል። የመመለሻ ነጥብ አለኝ ብላችሁም አትዘናጉ፤ እሱ የሚመልሰው የዊንዶውስን ቅንብርና ፕሮግራሞችን እንጂ የእናንተን ሰነድ አይደለም። ስለዚህ ማንኛውንም መሣሪያ ከመክፈታችሁ በፊት የዳታውን ፎልደር ወደ ፍላሽ ገልብጡ። ፕሮግራሙ አልከፈት ካለ በራሱ ባክአፕ መያዝ አይቻልም፣ ያላችሁ አማራጭ መገልበጥ ነው።

ለሪቮ ፕሮ መክፈል ያዋጣል? ከነፃው የሚለየው በዋናነት በሁለት ነገር ነው። ከዝርዝር የጠፋን ፕሮግራም በስሙ ፈልጎ በግድ ያራግፋል፤ ሲጫንም ከጅምሩ ተከታትሎ የነካውን ሁሉ ይመዘግባል። ጥገና መተዳደሪያው ለሆነ ሰው ይጠቅማል። ለአንድ ቢሮ ግን፣ ያውም ክፍያው በዶላር ሆኖ የውጭ ካርድ ለሚጠይቅ ነገር፣ የ30 ቀኑ ነፃ ሙከራ ይበቃል። የተሰበረውን ቅጂ ከፍላሽ ወደ ፍላሽ የምትቀባበሉ ወጣቶች፣ እባካችሁ ተዉት፤ ፕሮግራም ልታነሱ ብላችሁ ቫይረስ ትጭናላችሁ።

ጊክ አንኢንስቶለር አንዲት ፋይል ናት። መጫን አያስፈልጋትም፣ ከፍላሽ ላይ ትሠራለች፣ ኔት ደካማ በሆነበት ቦታም በቶሎ ትወርዳለች። በግድ ማራገፍንም በነፃ ትሰጣለች። ለግል ላፕቶፕ ብትጠይቁኝ የምሰጣችሁ እሷን ነው። የመጫን ሂደትን ግን አትከታተልም።

ቢሲዩ (ባልክ ክራፕ አንኢንስቶለር) የሚባለው ደግሞ ምንጩ ክፍት ነው፣ ለመሥሪያ ቤትም ነፃ ነው። ብዙ ፕሮግራሞችን በአንዴ ስለሚያነሳ ለትምህርት ቤት የኮምፒውተር ክፍል ከእሱ የተሻለ አላየሁም። ያገኘውን ርዝራዥ በምን ያህል እርግጠኝነት ርዝራዥ እንዳለው ደረጃ ይሰጠዋል፤ ይህን ከሁሉም በላይ ወድጄለታለሁ። መስኮቱ በቁልፍ የተጨናነቀ ስለሆነ ለጀማሪ ያስፈራል።

አንቲቫይረስ ከሆነ ያስቸገራችሁ ከላይ ያሉትን ሁሉ እለፉና የአምራቹን የራሱን ማስወገጃ አውርዱ። ካስፐርስኪ፣ አቫስት፣ ኢሴት ሁሉም አላቸው፤ የአንዳንዶቹ በሴፍ ሞድ፣ ማለትም ዊንዶውስ የግድ በሚያስፈልጉት ነገሮች ብቻ ሲነሳ፣ የሚሠራ ነው። ለአውቶካድና ለአዶቤም የአምራቾቻቸው ይቅደም።

ፎርማት አብዛኛው ሱቅ መጀመሪያ የሚያቀርብላችሁ መፍትሔ ነው። ብዙ ፕሮግራም በአንዴ ከተበላሸ ወይም ቫይረስ ከነገሠ እኔም አደርገዋለሁ። አንድ ፕሮግራም አልጫን ስላለ ብቻ ግን ውድ ነው። የሚጠፋው የሲ ድራይቭ ዳታ ብቻ አይደለም፤ የሌሎቹን ፕሮግራሞች ሲዲና ቁልፍ ፍለጋ ቀናት ታባክናላችሁ። ለዚያ ብሎ ዓባይን ተሻግሮ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ አዲስ አበባ ድረስ ሲፒዩ የላከም አውቃለሁ።

ወደ ቡሬው ልጅ ልመለስ። ካምፓኒን ከዝርዝሩ አውጥቼ ቀሪውን በሪቮ አጸዳሁ፤ ፒችትሪ አሁንም አልጫንም አለ። ፒችትሪ፣ በአሁኑ ስሙ ሴጅ 50፣ ዳታውን የሚያነበው ፐርቫሲቭ በሚባል በሌላ ፕሮግራም ነው። ፐርቫሲቭ የሌላ አምራች ስለሆነ በፒችትሪ ስም የሚፈልግ መሣሪያ አያየውም። ለብቻው አራገፍኩት። ፕሮግራም ፋይልስና ፕሮግራም ዳታ ውስጥ የቀሩትን የፐርቫሲቭ ፎልደሮች አላጠፋኋቸውም፤ ስማቸው ላይ «አሮጌ» የሚል ጨመርኩና ሪስታርት አደረግኩ። ጫኙ ሳያጉረመርም እስከ መጨረሻው ሄደ። አስቀድመን ወደ ፍላሽ የገለበጥነውን ካምፓኒ ወደ ቦታው መልሰን ስንከፍተው የመጨረሻው መስመር ሰኔ 24 የተመዘገበ የበቆሎ ሽያጭ ነበር።