ቤዝመንት እያከራዩ መኖር ወይስ ለኪራይ ብቻ መግዛት?

በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ፣ ሲልቨር ስፕሪንግም ሆነ አሌክሳንድሪያ፣ ሐበሻ ቡና ላይ ሲገናኝ ወሬው ቤት ነው። አንዱ «ገዝቼ ላከራይ» ይላል። ሌላው «እየኖርኩበት ቤዝመንቱን (ምድር ቤቱን) ባከራይስ?» ይላል። ሁለቱም ቤት ገዢ ናቸው። ባንክና ታክስ ጋ ሲደርሱ ግን መንገዳቸው ይለያያል።

በዳውን ፔይመንት፣ ማለትም ከኪሳችሁ በሚወጣው ቅድመ ክፍያ፣ እንጀምር። ለምትኖሩበት ቤት በኤፍኤችኤ (የአሜሪካ መንግሥት ዋስ በሚሆንለት) ብድር ከዋጋው 3.5 በመቶ ይበቃል፣ የክሬዲት ነጥባችሁ 580ና ከዚያ በላይ ከሆነ። እስከ አራት መኖሪያ ያለው ሕንፃም በዚሁ ይገዛል። ግዴታው በ60 ቀን ውስጥ ገብቶ ቢያንስ አንድ ዓመት መኖር ነው። ለኪራይ ብቻ ከሆነ በመደበኛው ብድር ለአንድ ቤተሰብ ቤት ቢያንስ 15 በመቶ ትጠየቃላችሁ፤ ወለዱም ከፍ ይላል። ስለዚህ ለ400,000 ዶላር ቤት አንዱ 14,000፣ ሌላው 60,000 ይዞ ይቀርባል። የክሎዚንጉ (የግዢው ማጠናቀቂያ) ወጪ ለብቻው ነው። ኤፍኤችኤ ግን የራሱ ዋጋ አለው፦ የብድሩ 1.75 በመቶ ኢንሹራንስ መጀመሪያ ላይ ይታሰባል፣ ከዚያም በየወሩ ይከፈላል።

እዚህ ላይ ወገኖቻችን የሚሰናከሉበትን ልንገራችሁ። እቁብ ደርሷችሁ ብሩን በአንዴ አካውንት ውስጥ ስታስገቡ፣ ባንኩ የሁለት ወር ስቴትመንት አይቶ «ይህ ከየት መጣ?» ይላል። ማስረጃ ከሌላችሁ አይቆጥርላችሁም። ታክሲ ወይም ኡበር የምትነዱ ደግሞ ይበልጥ ተጠንቀቁ። ታክስ እንዳይበዛ ወጪ ስትቆልሉ የተጣራው ገቢ ያንሳል፤ ባንኩ የሚያየው ያንን የተጣራውን ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ የሁለት ዓመቱን። ለመግዛት ካሰባችሁ ከአካውንታንታችሁ ጋር ቀድማችሁ ተነጋገሩ።

ወደ ታክሱ ስንመጣ ለኪራይ ብቻ የተገዛው ቤት ይሻላል። ወለዱ፣ የንብረት ታክሱ፣ ኢንሹራንሱና ጥገናው ከኪራዩ ይቀነሳል። ዲፕሪሲየሽንም አለ፦ መሬቱ ወጥቶ የሕንፃው ዋጋ ለ27.5 ዓመት ይካፈላል። ሕንፃው 275,000 ከሆነ በየዓመቱ 10,000 ዶላር ይቀነስላችኋል፣ ከኪሳችሁ ምንም ሳይወጣ። ቤዝመንት የሚያከራይ ሰው የሚቀንሰው የተከራየውን ድርሻ ብቻ ነው፤ ቤዝመንቱ የቤቱ ሲሶ ከሆነ ሲሶውን። ኪራዩ ኪሳራ ካሳየ፣ ቤቱን ራሳችሁ የምታስተዳድሩ ከሆነና ገቢያችሁ ከ100,000 ካላለፈ እስከ 25,000 ዶላር ከደመወዛችሁ ላይ መቀነስ ይቻላል። ገቢው 150,000 ሲደርስ ይህ ይቀራል።

ሽያጭ ላይ ነገሩ ይገለበጣል። ከመሸጡ በፊት ባሉት አምስት ዓመታት ሁለቱን የኖረበት ሰው ከትርፉ 250,000 ዶላር፣ ባልና ሚስት ከሆኑ 500,000 ታክስ አይነካቸውም። የተቀነሰው ዲፕሪሲየሽን ብቻ እስከ 25 በመቶ ይታክሳል። ቤዝመንቱ የቤቱ አካል ከሆነ ትርፉን መከፋፈል አያስፈልግም፤ ዱፕሌክስ (ሁለት የተለያየ መኖሪያ ያለው ቤት) ከሆነ ግን የተከራየው ወገን ትርፍ ይታክሳል። ለዚህ ነው የመጀመሪያ ቤቱን ለሚገዛ ሁሉ ቤዝመንቱን የምመርጥለት።

ለኪራይ የተገዛውስ? እሱም መውጫ አለው፦ 1031 የሚባለው ልውውጥ። ሌላ የኪራይ ንብረት ለመግዛት ከሽያጩ በኋላ በ45 ቀን መርጣችሁ በ180 ቀን ከጨረሳችሁ ታክሱ ለሌላ ጊዜ ይተላለፋል። የሽያጩን ገንዘብ የሚይዘው መካከለኛ ሰው ግን ከክሎዚንጉ በፊት መቀጠር አለበት። ገንዘቡ አንዴ እጃችሁ ከገባ በኋላ መመለሻ የለም።