ላባ ለሚያራግፉ ዶሮዎች መኖ የገዛሁበት የኮተቤው መደብር

ኮተቤ አካባቢ ያለች አንዲት አነስተኛ የዶሮ መኖና የእንስሳት መድኃኒት መሸጫ ዘንድ ባለፈው ክረምት ለሦስት ወራት ያህል ተመላልሻለሁ። አገልግሎቷን የምመዝነው በጓሮዬ ባሉት፣ ቦቫንስ ብራውን የሚባል የእንቁላል ዝርያ በሆኑ ስምንት ዶሮዎች ነው። በቄብነታቸው የገዛኋቸው እነዚህ ዶሮዎች ዓመት ከመንፈቅ በሞላቸው ጊዜ፣ ሐምሌ መግቢያ ላይ፣ በቀን ሰባት ይደርስ የነበረው እንቁላል በአንድ ሳምንት ውስጥ ወደ ሁለት ወረደ፤ ጠዋት ቤታቸውን ስከፍትም የበዓል ዋዜማ ዶሮ የተነጨበት ጓሮ ይመስል ጉዝጓዙ በላባ ተሸፍኖ አገኘሁት።

መጀመሪያ የሄድኩበት ሌላ ሱቅ ዶሮዎቹን ሳያይ «ፈንግል ይሆናል» ብሎ ኦክሲቴትራሳይክሊን የተባለ የፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ዱቄት ሸጦልኝ ነበር። ፈንግል በቫይረስ የሚመጣ በሽታ ስለሆነ ግምቱ ትክክል ቢሆን እንኳ ዱቄቱ የሚፈይደው ነገር አልነበረም።

የኮተቤዋ ባለሙያ ግን አንዷን ዶሮ በካርቶን ይዤ እንድመጣ አደረጉኝ። አንገቷ ላይ የቀረውን ላባ በጣታቸው ገለጥ አድርገው ከቆዳዋ ብቅ ብቅ ያሉትን፣ በሰም የተጠቀለሉ የሚመስሉ ሹል የላባ ቡቃያዎች አሳዩኝ፤ ቅማል ይኖርባት እንደሆነም ከጭራዋ ሥር ፈለጉ። ከዚያ በዳሌዋ አጥንቶች መካከል ጣታቸውን ለክተው፣ ክፍተቱ ሁለት ጣት እንኳ እንደማያስገባ፣ ማለትም እንቁላል መጣል እንዳቆመች ካረጋገጡ በኋላ «እህቴ፣ ይህቺ አልታመመችም፤ ልብሷን እየቀየረች ነው፤ እንቁላሉን እስከ ጥቅምት እርሺው» አሉኝ።

ይህን መደብር የማመሰግንበት ዋናው ምክንያት ቀጥሎ የሆነው ነው። የለመድኩትን የጣይ ዶሮ መኖ ስጠይቅ አልሸጡልኝም። የላባ 85 በመቶ ገደማው ፕሮቲን ነው፤ የጣይ መኖ ደግሞ ፕሮቲኑ ከ16 እስከ 17 በመቶ ሲሆን፣ ለቅርፊት ተብሎ የሚጨመርበት ካልሲየም ከ3.5 እስከ 4 በመቶ ስለሚደርስ፣ እንቁላል ላቆመች ዶሮ ትርፉ ኩላሊቷን ማስቸገር ነው። ስለዚህ ፕሮቲኑ ከ18 እስከ 20 በመቶ፣ ካልሲየሙ 1 በመቶ አካባቢ የሆነውን የጫጩት መኖ፣ ያውም ኮክሲዲዮሲስ ለሚባለው የጫጩት አንጀት በሽታ የሚሰጠው መድኃኒት ያልተቀላቀለበትን መርጠው ሰጡኝ። ዋጋው ከጣይ መኖው ከፍ ይላል፤ ይሁን እንጂ ስምንቱ ዶሮዎች በቀን የሚበሉት ተደምሮ አንድ ኪሎ ገደማ ስለሆነና በክረምት መኖ ቶሎ ስለሚሻግት 50 ኪሎውን ጆንያ ከልክለው 25 ኪሎ ብቻ መዘኑልኝ። ገበያውን በራሱ ላይ የሚቀንስ ነጋዴ በየቀኑ አይገኝም።

ጉድለት የለባቸውም ማለት ግን አይደለም። የጫጩት መኖው እጅግ የደቀቀ በመሆኑ ዶሮዎቹ የበቆሎውን ፍርካሽ ለቅመው ዱቄቱን ይተዉታል፤ በየጠዋቱ በጥቂት ውኃ እያራስኩ ነበር የማቀርበው፤ ይህንንም ማንም አልነገረኝም። ከዚህ የሚከፋው ጆንያዎቻቸው የተመረቱበት ቀን አለመጻፉ ነው። ነሐሴ አጋማሽ ላይ የወሰድኩት ሁለተኛው 25 ኪሎ ገና ስፈታው የሻጋታ ሽታ ነበረው፤ በቆሎና የኑግ ፋጉሎ ያለበት መኖ ሲሻግት አፍላቶክሲን የሚባለውን የሻጋታ መርዝ ሊያመጣ ስለሚችል አንድ እፍኝ እንኳ ሳልሰጣቸው መለስኩት። ያለ ክርክር ቀየሩልኝ፤ ሆኖም አፍንጫው የማይለይ ደንበኛ ምን ሊገጥመው እንደሚችል ሳስብ ይህን በቀላሉ አላልፈውም።

እንቁጣጣሽ ሲቃረብ ጎረቤቶቼ «የማይጥል ዶሮ ምን ይሠራል፣ ለወጥ አይሻልም?» ቢሉኝም፣ መስከረም ሲያልቅ ስምንቱም እንደ አዲስ ለብሰው ነበር። የአናታቸው ቀይ ሥጋ የገረጣ እንደሆነ ቆይቶ ቀስ በቀስ ቀላ፤ ጥቅምት 9 ቀን የመጀመሪያውን እንቁላል አነሳሁ፤ ከአምናው ገዘፍ ያለና ቅርፊቱ ጠንካራ ነበር።

በማግስቱ የጣይ መኖ ልገዛ ስሄድ ባለሙያዋ ስንቶቹ እንደጀመሩ ጠየቁኝ። አንዷ ብቻ መሆኗን ስነግራቸው ጆንያውን ወደ ቦታው መልሰው፣ ለቅርፊቷ ካልሲየም እንዲሆናት ለእሷ የሚበቃ የተፈጨ የኖራ ድንጋይ በፌስታል ቋጥረው ሰጡኝና በሌላ ዕቃ ለብቻው እንዳስቀምጥ፣ የቀሩት ሲጀምሩ እንድመለስ አዘዙኝ።