አባይ ማዶ ያለው ዲሽ ሰሪ፦ ውድ ነው ግን ይገባዋል

ባህርዳር ላይ ደህና ዲሽ የሚሰራ ሰው አታውቅም ወይ ለምትሉኝ ሁሉ አንዴ ልጻፈውና ልገላገል። አባይ ማዶ ነው፣ ታፔላ የለውም፣ በሩ ላይ የዛገ ዲሽ ግድግዳ ተደግፎ ካያችሁ እሱ ነው። ጠዋት ብትሄዱ አታገኙትም፣ የሰው ጣራ ላይ ነው፣ ከሰዓት ሞክሩ።

የኛ ግቢ ነገር እንዲህ ነው። አከራያችን እማማ የእንጅባራ ሰው ናቸው፣ ጓሮ በኩል ያሉት ባልና ሚስት ከሰቆጣ ናቸው፣ በሩ ጋ ያለችው ክፍል ውስጥ የሚኖረው ልጅ የከሚሴ ኦሮሞ ነው፣ እኔ ደግሞ ከደብረታቦር። ዲሹ ግን ለሁላችንም አንድ ነበር፣ ድሮ የሰራልን ሰውዬ ናይልሳት ላይ ገትሮት ብሩን ተቀብሎ ሄደ፣ ከዛ ወዲህ ግቢው በሙሉ የአረብ ፊልም ተመልካች ሆኖ ቀረ።

ይሄኛው ልጅ ሲመጣ መጀመሪያ ጣራ ላይ አልወጣም። ዞሮ ሁሉንም ጠየቀ። «እማማ እርስዎ ምን ምን ያያሉ?» ሲላቸው እማማ ሳያስቡ «አገውኛውን» አሉት። እኔ ለዚች ጥያቄ ብቻ ደረጃ ብሰጠው ደስ ይለኛል፣ ምክንያቱም ሌላው ሁሉ ቻናል ቆጥሮ «ይሄን ያህል አስገባሁልህ» ነው የሚልህ፣ ማን ምን እንደሚያይ ጉዳዩም አይደል።

እማማ ያሉት አሚኮን ነው፣ የአማራ ሚዲያ ኮርፖሬሽንን። በ1987 በበኩር ጋዜጣ የጀመረው ቤት ማለት ነው፣ አሁን ከአማርኛ ሌላ በአዊኛ (የእማማ አገውኛ ማለት ነው)፣ በኽምጣና (የሰቆጣዎቹ) እና በኦሮምኛም ይሰራል፣ ማለትም ግቢያችን ሙሉ በሙሉ ተወክሏል ማለት ይቻላል። የሚያስቀው ጣቢያው እዚሁ ከተማ ውስጥ ነው፣ ከኛ ቤት በባጃጅ ይደረሳል፣ ምስሉ ግን ሳተላይት ድረስ ወደ 36 ሺህ ኪሎሜትር ወጥቶ ነው ተመልሶ ጣራችን ላይ የሚወርደው። አሜሪካ ያለው የአጎቴ ልጅ ይሄን ስነግረው እዛ አነስተኛ ኃይል የሚባሉ የሰፈር ቲቪ ጣቢያዎች እንዳሉ አጫወተኝ፣ በነሱ አቆጣጠር ከ1982 ጀምሮ የተፈቀዱ፣ ዩኤችኤፍ በሚባለው የቲቪ ሞገድ ከ15 ኪሎዋት በላይ አይለቁም፣ ትልልቆቹ እስከ 1000 ይደርሳሉ። ብዙዎቹ በስፓኒሽ፣ በቬትናምኛ፣ በኮሪያኛ ነው የሚያስተላልፉት፣ ሰዉ መስኮቱ ላይ ትንሽዬ አንቴና ለጥፎ ያያል፣ ዲሽ ምናምን የለም። ደስ ይላል ግን ለኛ አይሆንም፣ እንደዛ ያለ ጣቢያ ከባህርዳር ቢለቅ እንጅባራ እንኳን በመኪና መንገድ ከ100 ኪሎሜትር በላይ ነው አይደርስም፣ ሰቆጣማ ስንት ተራራ አልፎ። ስለዚህ ሳተላይቱ ግድ ነው፣ ሳተላይቱ ግድ ከሆነ ደግሞ ዲሽ ሰሪው የጣቢያው ግማሽ ነው ባይ ነኝ፣ እሱ ካልሰራ ስቱዲዮ ውስጥ ያለው ጋዜጠኛ ሁሉ ለኛ የለም።

ወደ ስራው ልመለስ። እነ አሚኮ ያሉበት ኢትዮሳት 57 ዲግሪ ምስራቅ ነው፣ ናይልሳት 7 ምዕራብ፣ ሰማይ ላይ በጣም ስለሚራራቁ በአንድ ዲሽ ሁለቱን መያዝ የማይታሰብ ነው። ልጁ ሁለተኛ ዲሽ አስገዛንና ከባለ አራት ቀዳዳ ኤልኤንቢ (ዲሹ ፊት ያለችው ሲግናል ተቀባይ) ለየቤቱ ኬብል አወረደ፣ በየቲቪው ጀርባ ሁለቱን ዲሽ የሚያቀያይር ስዊች አደረገ። የኢትዮሳቱ ችግር አልነበረበትም፣ ፊቱን ወደ ላይ ነው የሚያዞረው። ናይልሳቱ ግን ዝቅ ብሎ ወደ ምዕራብ ስለሚያይ የእማማ ማንጎ እየጋረደው ነበር ለካ፣ ለዛ ነው ቅጠሉ በበዛ ቁጥር የሚቆራረጠው። «ይቆረጥ» ቢል እማማ እሱን ራሱን ነበር የሚቆርጡት፣ አላለም፣ ዲሹን ነቅሎ ወደ ሮቶው ማማ ወሰደና ብረቱ ላይ አሰረው፣ አለቀ።

አሁን አገውኛው ሲጀምር እማማ ቡና ያስፈላሉ፣ ባህርዳር የተወለደችው የልጅ ልጃቸው አማርኛ ብቻ ነው የምታውቀው፣ አጠገባቸው ቁጭ ብላ «ምን አለች? ምን አለች?» ስትል ይተረጉሙላታል፣ ዜናው ግን አይጠብቃቸውም እሳቸው ሲያስረዱ ሌላ ዜና ላይ ደርሷል ሃሃ። የሰቆጣዎቹ ደግሞ ኽምጣናው ረዘም ቢል ይላሉ፣ እኔም እስማማለሁ።

ያልወደድኩት፦ ጓሮ የሄደውን ኬብል መገጣጠሚያ በናስትሮ ብቻ ነበር የጠቀለለው፣ ትንሽ ዘነበና እነሱ ቤት «ሲግናል የለም» መጣ። ስንደውል ስልክ አያነሳም፣ በማግስቱ ነው የመጣው፣ ኮኔክተሩን ሲፈታው ውሃ ጠብ አለ። ቀይሮ በፌስታል ደርቦ አሰረው፣ ብር አልጠየቀም፣ ግን መጀመሪያውኑ ቢያደርገው ምን ነበረበት።

የእጁን 800 ብር ነው የወሰደው፣ ዲሽ፣ ኬብልና ስዊች ለብቻ። ጊዮርጊስ አካባቢ ብትከራከሩ ከዚህ ረከስ ያለ ታገኛላችሁ፣ ማን ምን እንደሚያይ ሳይጠይቅ የሚሰራ ማለት ነው። ለናንተ ግቢ ብትጠሩት መሰላል ቀድማችሁ ከጎረቤት ተዋሱ፣ እሱ ይዞ አይመጣም።