የአሜሪካ ቪዛ ተከልክሎ ድጋሚ ለሚያመለክት ሰው ፎርም ሞይ ቢሮዎች ይጠቅማሉ?

የአሜሪካ የጉብኝት ቪዛ ተከልክሎ እንደገና የሚያመለክት ሰው አዲስ አበባ ውስጥ ቀድሞ የሚሮጠው ወደ ፎርም ሞይ ነው። ኮምፒውተርና እንግሊዝኛ ለሚያስቸግረው ሰው አገልግሎቱ ያግዛል፤ በድጋሚ ማመልከቻ ላይ ግን አጠገባቸው ተቀምጣችሁ እያንዳንዱን መስመር ካላያችሁ ጉዳቱ ያመዝናል።

በመጀመሪያ ኤምባሲው የሰጣችሁን ወረቀት አንብቡ። «214 ቢ» (እንደምትመለሱ አላሳመናችሁም የሚል የሕግ አንቀጽ) ከሆነ ይግባኝ የለውም፤ ይህን ያህል ጊዜ ጠብቁ የሚል ገደብም የለበትም። አዲስ ዲኤስ 160 (በኢንተርኔት የሚሞላው የቪዛ ማመልከቻ ፎርም)፣ አዲስ 185 ዶላር፣ አዲስ ቃለ መጠይቅ ነው፤ የቀድሞው ክፍያ አይመለስም። «221 ጂ» (ሰነድ ጎድሏል ወይም ማጣራት ይቀራል የሚል አንቀጽ) ከሆነ ግን ፋይሉ አልተዘጋም፤ የጎደለውን ሰነድ በአንድ ዓመት ውስጥ ካስገባችሁ ድጋሚ መክፈል አያስፈልግም። ወረቀቱን ሳያይ አዲስ ፎርም የሚከፍትላችሁ ቢሮ ገንዘባችሁን እያቃጠለ ነው።

ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ቀን ነው። ኅዳር 5 ቀን 2012 ሥራ የጀመረ ሰው በፈረንጆቹ ኖቬምበር 15፣ 2019 ይሆናል፤ ጥር 5 ቀን 2012 የጀመረ ግን ጃንዋሪ 14፣ 2020 ነው። ዓመቱ ላይ አንዱ ጋ ሰባት፣ ሌላው ጋ ስምንት ይደመራል። ፎርም ሞይው ለሁሉም ሰባት ከደመረ ከመስሪያ ቤታችሁ ደብዳቤ ጋር ይጋጫል። የቀድሞው ፎርም ቆንስሉ ኮምፒውተር ላይ ስላለ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ወዲያው ይታያል። የመጀመሪያው ላይ ስህተት ካለ አርሙት፤ ከተጠየቃችሁም ስህተት እንደነበር በግልጽ ተናገሩ።

ከዚህ በፊት ቪዛ ተከልክላችሁ ታውቃላችሁ ወይ ለሚለው ጥያቄ መልሱ «አዎ» ነው፤ መቼ፣ የት፣ በየትኛው አንቀጽ እንደሆነ አጭር ማብራሪያ ይጻፍ። «አይ በሉ፣ አያዩትም» የሚል ሰው እጅ ላይ ፓስፖርታችሁን አትተዉ። 214 ቢ በር አይዘጋም፤ ሆን ተብሎ የተነገረ ውሸት ግን ዕድሜ ልክ ሊያስከለክል ይችላል።

የግብዣ ደብዳቤና ወፍራም ፋይል አዘጋጅተው በውድ የሚሸጡም አሉ። የግብዣ ደብዳቤ ለዚህ ቪዛ ግዴታ አይደለም። ሕጉ እያንዳንዱን አመልካች ሊቀር የሚሄድ ሰው አድርጎ ነው የሚነሳው፤ ቆንስሉ የሚፈልገው እንድትመለሱ የሚያደርጋችሁን ነገር ነው፤ ደግሞም ከባለፈው ወዲህ ምን እንደተለወጠ። ሥራው፣ ቤተሰቡ፣ የጉዞው ምክንያት ያው ከሆነ ያንኑ ነገር በአዲስ ወረቀት ማቅረብ መልሱን አይለውጥም። እኛ ብንጠየቅ ለፋይሉ የሚወጣውን ብር አስቀምጡት እንላለን።

ከቢሮው ሳትወጡ የማመልከቻ መለያ ቁጥሩንና የደኅንነት ጥያቄውን መልስ ተቀበሉ። ብዙዎቹ የራሳቸውን ኢሜይልና የራሳቸውን መልስ ስለሚያስገቡ ደንበኛው የገዛ ፎርሙን መልሶ መክፈት ያቅተዋል። መጨረሻ አካባቢ «ፎርሙን ሲሞሉ የረዳዎት ሰው አለ?» የሚል ጥያቄ ይመጣል፤ ሞይው ስሙን አላስገባም ካለ ሌላ ቢሮ ፈልጉ። መነጽር ያደረጋችሁበት ፎቶ አይቀበሉም፤ ፎቶው ነጭ መደብ ያለው፣ ከስድስት ወር ወዲህ የተነሳችሁት ይሁን። ቀጠሮ የተያዘበት የዲኤስ 160 ቁጥርም ይዛችሁ ከምትሄዱት ማረጋገጫ ጋር አንድ መሆኑን ፊደል በፊደል አመሳክሩ፤ ፎርሙ ታርሞ እንደገና ከተላከ ቁጥሩ ይቀየራል።