ሱፍ፣ አክሪሊክ ወይስ ቅልቅል? ለብርድ ኮፍያ የሚሆን ክር ስትገዙ

የኅዳርና የታኅሣሥን ሌሊት ደብረ ብርሃን ላይ ላሳለፈ ሰው ስለ ብርድ ማስረዳት አያስፈልግም። ከተማዋ ከ2,700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ ጠዋት ሜዳው በውርጭ ነጭ ሆኖ ያድራል። እዚያ ላለ ዘመድ በእጅ የተሠራ ኮፍያ መስጠት ትልቅ ስጦታ ነው። ኮፍያው እንዲሞቅ ግን የእጅ ሙያ ብቻውን አይበቃም። ብዙው ነገር የሚወሰነው ገና ክሩ ሲመረጥ ነው።

መጀመሪያ የምትገዙት ምን እንደሆነ እርግጠኛ ሁኑ። መለያ ወረቀቱ የወለቀ ክር "ሱፍ ነው" ተብሎ ቢቀርብላችሁ፣ ትንሽ ቁራጭ ለምኑና ቤት ወስዳችሁ በወረንጦ ይዛችሁ ሳህን ላይ ለኩሱት። እውነተኛ ሱፍ የተቃጠለ ፀጉር ይሸታል፣ እሳቱን ስታርቁት ቶሎ ይጠፋል፣ ቅሪቱም በጣት ሲታሽ ይፈረፈራል። በፋብሪካ የሚሠራው ሰው ሠራሽ ክር፣ አክሪሊክ፣ እየቀለጠ ይነዳል፤ ሲበርድ ጠንካራ ጥቁር እንክብል ይሆናል። ጥጥ የተቃጠለ ወረቀት ይሸታል፣ አመዱም ስስ ነው። እኔ ይህን ሳላደርግ መለያ የሌለው ክር በብዛት አልገዛም።

ለሙቀት ከሆነ ምርጫዬ ሱፍ ነው። የበግ ፀጉር በተፈጥሮው የተጠቀለለ ስለሆነ በመሃሉ አየር ይይዛል። ሙቀቱን የሚጠብቀው ያ አየር ነው። ከክብደቱ ሲሶ የሚጠጋ እርጥበት ቢመጥም እንኳ በእጅ ሲነካ የረጠበ አይመስልም። ስለዚህ ዳገት ወጥቶ ላብ ያላበው ሰው ቆም ሲል ጭንቅላቱ ወዲያው አይቀዘቅዝም። ደግሞ ይለጠጣል፣ ተመልሶም ይሰበሰባል፤ የኮፍያው ጠርዝ ጆሮ ላይ እንደያዘ ይቆያል።

ሱፍ ሁሉ ግን አንድ አይደለም። ባና እና ዝተት የሚባሉት የሱፍ ብርድ ልብሶች የሚሠሩበት የመንዝ በግ ፀጉር ሙቀቱ የተመሰከረለት ነው፤ ግን ሻካራ ስለሆነ ግንባር ያሳክካል። እሱን ከመረጣችሁ ውስጡን በለስላሳ ጨርቅ ገበር አድርጉለት። ሜሪኖ የሚባለው ሱፍ ክሩ በጣም ቀጭን ስለሆነ ቆዳን አይቆረቁርም፤ ዋጋው ግን ይጨምራል። አንገታችሁ ላይ ትንሽ አሸት አሸት አድርጉት፤ እዚያ ካላሳከከ ግንባር ላይም አያስቸግርም።

የሱፍ ጣጣው እጥበቱ ነው። በሙቅ ውሃ ከታሸ ክሮቹ እርስ በርስ ተያይዘው ይኮማተራሉ፣ ወደነበረበትም አይመለስም። ለብ ባለ ውሃ ነክሮ፣ ሳይጠመዝዙ ፎጣ ላይ ዘርግቶ ማድረቅ ነው። ሚኒሶታ ወይም ቶሮንቶ ላለ ልጅ የምትልኩ ከሆነ፣ እዚያ ልብስ የሚታጠበው በማሽን ነውና በማሽን ይታጠባል የሚል ምልክት ያለበትን ሱፍ ግዙ። ማድረቂያ ማሽን ውስጥ እንዳይከቱት ግን ንገሯቸው።

አክሪሊክ ርካሽ ነው፣ በየቦታው ይገኛል፣ ቀለሙም እንደ ልብ ነው። ላብ አይመጥም፤ ቁጭ ብሎ ለሚውል ሰው ይሞቃል፣ ለሚንቀሳቀስ ሰው ግን ውስጡ ይረጥባል። ሲቆይም ላዩ ላይ ትንንሽ ድብልብሎች ያወጣል። ለሕፃን ኮፍያ ግን ከሻካራ ሱፍ አስበልጠዋለሁ፤ ለስላሳውን ከመረጣችሁ አያሳክክም፣ ቶሎ ቶሎ ቢታጠብም አይኮማተርም። ካውያ ብቻ አታስነኩት፤ ትኩስ ብረት ከነካው ላልቶ ይቀራል።

ቅልቅል ስትገዙ መቶኛውን አንብቡ። ሱፉ 20 በመቶ ብቻ ከሆነ በሱፍ ስም ብዙ ብር አትጨምሩ። ግማሽ በግማሽ ከሆነ ሙቀቱም የእጥበቱ ምቾትም አለውና ለመጀመሪያ ኮፍያ ጥሩ ነው። ጥጥ ለብርድ ኮፍያ አይሆንም፤ ከረጠበ ይከብዳል፣ ይቀዘቅዛል፣ ከተለጠጠም አይሰበሰብም።

የሹራብ መርፌን በተመለከተ፣ ቀጥ ያሉት ሁለት መርፌዎች ለጀማሪ ይቀላሉ። ኮፍያው ተዘርግቶ ተሠርቶ በኋላ ከጀርባ ይሰፋል። በገመድ የተያያዘው ክብ መርፌ ግን ከጀርባ መስፋቱን ያስቀራል፤ 40 ሴንቲ ሜትር የሆነውን ጠይቁ። አናቱ ላይ ሲጠብ መርፌው አይደርስምና በሁለቱም ጫፍ የሾሉ አምስት አጫጭር መርፌዎች ጨምራችሁ ያዙ። መካከለኛ ውፍረት ላለው ክር 5 ሚሊ ሜትር መርፌ ይስማማዋል።

ለአዋቂ ኮፍያ እንዲህ ያለ ክር 100 ግራም አካባቢ፣ ማለትም 200 ሜትር ገደማ ይበቃል። ጠርዙን አጥፋችሁ ድርብ የምታደርጉት ከሆነ ተጨማሪ 50 ግራም ያዙ። ሁሉንም በአንድ ቀን ግዙ፤ መለያው ላይ ያለው የማቅለሚያ ቁጥርም አንድ ይሁን። ቀለሙ በስም አንድ ሆኖ ቁጥሩ ከተለያየ፣ ኮፍያው መሃል ላይ መስመር ይወጣል። መለያ ከሌለው ጥቅሎቹን ከሱቁ በር ላይ አውጥታችሁ በፀሐይ ብርሃን ጎን ለጎን እዩአቸው።