ለማጅ ሾፌር፣ ሙሉ ኢንሹራንስ፣ ግማሽ ካሳ

ሚኒባሱ ቆመ። እኔ አልቆምኩም።

ገርጂ ውስጥ ነው፣ አሥር ሰዓት ገደማ። ከፊቴ ያለው ታክሲ ውስጥ አንዱ «ወራጅ አለ» ብሎ መሰለኝ፣ መንገዱ መሀል ቀጥ አለ። ማንም አልተጎዳም፣ ተመስገን። የኔ ኮፋኖ ተጣጠፈ፣ አንዱ የፊት መብራት ረገፈ፣ ፓራፋንጎው ተጨማደደ። ታክሲው ከኋላ ትንሽ ጎድጎድ አለ። እጄ እየተንቀጠቀጠ አንድ ነገር ብቻ አጽናናኝ፤ ሙሉ ኢንሹራንስ አለኝ። ከገባሁ ገና ሦስት ሳምንቴ ነው።

ለንደን 14 ዓመት ስኖር መኪና ኖሮኝ አያውቅም። ኑሮዬ ባቡርና አውቶቡስ ነው። መንጃ ፈቃድ ያወጣሁት አምና ነው፣ ያውም በሦስተኛ ሙከራ። መኪና ልገዛ አስቤ የኢንሹራንሱን ዋጋ ሳይ ተውኩት። እዚያ ዋጋ የሚወጣው ለመኪናው ብቻ አይደለም፣ ለሾፌሩም ነው። ስንት ዓመት ነዳሽ? ሰፈርሽ የት ነው? መኪናዋ ማታ የት ታድራለች? አንዳንዱ ኩባንያማ ለአዲስ ሾፌር «ብላክ ቦክስ» የሚሉትን ዕቃ መኪናው ላይ ገጥሞ እንዴት ፍሬን እንደምትይዝ ሳይቀር ይከታተላል። በ41 ዓመቴ እንደ ጎረምሳ መጠበቅ አላማረኝም። አገሬ ገብቼ እነዳለሁ አልኩ። እህቴ ግቢ ውስጥ አንዲት አሮጌ ቪትዝ ከዓመት በላይ ቆማ አቧራ ትጠጣለች። እህቴ መንጃ ፈቃድ ካወጣች ቆይታለች፣ ግን መሪ መያዝ አትወድም።

ኅዳር 2017 ገባሁ። የለንደኑን መንጃ ፈቃድ ኤምባሲ አረጋግጬ መጥቻለሁ። አዲስ አበባ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ማህተም አስመታሁና ወደ ኢትዮጵያ መንጃ ፈቃድ አስቀየርኩ። ወረፋው ረጅም ቢሆንም ሰዎቹ ቀና ስለነበሩ አልማረርም። አንዲት ነገር ብቻ ያዙልኝ። አዲሱ ካርድ ላይ የወጣው የተሰጠበት ቀን የዚያው ሳምንት ቀን ነው። ኋላ ጉድ ትሠራኛለች።

ከዚያ ኢንሹራንስ። የሦስተኛ ወገኑ ግዴታ ነው፣ ያለሱ ቦሎም የለም። አዋጁ መጀመሪያ በ2000 ዓ.ም. ወጣ፣ በ2005 ደግሞ በአዋጅ 799 ተተካ። የሚሸፍነው አንቺ ሌላው ሰው ላይና ንብረቱ ላይ የምታደርሽውን ጉዳት ነው። የራስሽን መኪና አይጠግንም። ስቲከሩን መስታወቴ ላይ ስለጥፍ፣ ምን ልበላችሁ፣ ደስ አለኝ። ለንደን እንዲህ ያለ ነገር መስታወት ላይ አይለጠፍም፤ ካሜራ ሰሌዳሽን አንብቦ ኢንሹራንስ ይኑርሽ አይኑርሽ ያውቃል። እዚህ ግን የሚታይ፣ የሚነካ ነገር ነው። ለዚህኛው ክፍል ምንም ቅሬታ የለኝም። በግማሽ ሰዓት ውስጥ አለቀ።

እህቴ «ለማጅ ስለሆንሽ ሙሉውን ግቢ» አለች። ልክ ነበረች። እዚያው ቢሮ፣ እዚያው ወንበር ላይ፣ ሙሉውን ጠየቅን። የኩባንያውን ስም አልጠራም። ከአንዱ የመንግሥት መድን ድርጅት ሌላ ከደርዘን በላይ የግል ኩባንያ አለ፤ የሰማሁት ሮሮ ተመሳሳይ ስለሆነ ስም መጥራቱ ብዙም አይጠቅምም።

ሠራተኛዋ ወጣት ናት፣ ፈገግታዋ ያማረ። «እንኳን ለአገርዎ አበቃዎት» ብላ ወንበር ሳበችልኝ። ለንደን ከኮምፒውተር ጋር ስጨቃጨቅ ለኖርኩት ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። ስለ ብርዱ ጠየቀችኝ፣ ስለ ልጆቼ ጠየቀችኝ። ያልጠየቀችኝ አንድ ነገር ነው፤ መኪናዋን ማን ነው የሚነዳው?

ሊብሬው በእህቴ ስም ስለሆነ የእህቴን መንጃ ፈቃድ ኮፒ አድርጋ ፋይሉ ውስጥ ከተተች። የኔ ካርድ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። እኔም አላወጣሁትም።

ቀጥሎ የመኪናዋ ዋጋ መጣ። «ያለፈው ውል ላይ ስንት ተብሎ ነበር?» አለች። እህቴ አሮጌውን ፖሊሲ ከፌስታል አወጣች። «በሱ እንቀጥል?» እኔ ዘልዬ «ይቀጥላ!» አልኩ። አረቦኑ የሚሰላው ከዚያ ቁጥር ላይ በመቶኛ ነው። ቁጥሩ ሲያንስ ክፍያው ያንሳል። ቆጠብኩ ብዬ ለራሴ አጨበጨብኩ። የሙሉ ዓመቱን ባንዴ ከፈልኩ፤ ለንደን ብዙ ሰው በየወሩ ነው የሚከፍለው።

በነገራችን ላይ ተጨማሪ ሽፋኖችም አሉ። አንዱ ቢ.ኤስ.ጂ. ይባላል። ምንድን ነው ብላት «ሽፍታና ጎሪላ» አለችኝ፤ ጎሪላ ያለችው ደፈጣ ተዋጊውን ነው። እህቴና እኔ ተያይተን ሳቅን። የመጣሁበት አገር ኢንሹራንስ ሲሸጥ ሽፍታ የሚል ቃል አይነሳም። ገጠር የምትወጡ ከሆነ ግን ሳቁን ትታችሁ ጠይቁበት።

ወደ ገርጂ ልመለስ። የታክሲው ሾፌር ወርዶ አየኝ፣ ከመኪናው ጀርባ የለጠፍኩትን «ለማጅ» የሚል ወረቀት አየ፣ ራሱን ነቀነቀ። «እህቴ፣ ኢንሹራንስ ምናምን ሳትይ በእጅ ጨርሺ» አለኝ። እውነቱን ለመናገር አሁን ሳስበው ከሁላችንም ብልህ እሱ ነበር። እኔ ግን በሕግ ይሁን አልኩ። ትራፊክ ፖሊሱ ቶሎ ደረሰ። ፕላኑን አነሳ፣ ሁለታችንንም በትህትና አነጋገረ፣ «አይዞሽ፣ ማንም ይገጫል» አለኝ። ይህን ሰው ባገኘው ዛሬም አመሰግነዋለሁ። የታክሲው ጉዳት በሦስተኛ ወገኑ ሄደ፣ እሱ ብዙም አላስቸገረም።

መከራው የኔ መኪና ነው።

በማግስቱ ካሳ ክፍል ሄድኩ። ቅጽ ሞላሁ። የፖሊስ ሪፖርት አምጪ ተባልኩ፣ አመጣሁ። «ፈራሚው ስብሰባ ላይ ናቸው።» በማግስቱ ሲስተም የለም። ከዚያ ገና መጣ። ከገና በኋላ መኪናዋን የሚያይ ባለሙያ ሄዶ እስኪያይ አንድ ሳምንት። ከዚያ ጋራዦች ዋጋ እንዲያቀርቡ ተጠየቁ፤ አንዱ አቀረበ፣ ሁለቱ ተጠበቁ። ከዚያ ጥምቀት። ጃንሜዳ ሄጄ ጸበል ስረጭ እንኳ የማስበው ስለ ኮፋኖ ነበር። በሄድኩ ቁጥር አዲስ ሰው ነው የሚያነጋግረኝ፣ ታሪኩን ከሀ ጀምሬ ነው የምተርክለት። ስልክ ቁጥሬን አምስት ጊዜ ጻፉ። አንድም ቀን አልደወሉም።

በመጨረሻ አንድ ጠና ያሉ ሰውዬ ጋ ደረስኩ። ፋይሉን ገለጡና መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩኝ። «ልጄ፣ ይቺ መኪና ዛሬ ገበያ ላይ ስንት ታወጣለች?»

ነገርኳቸው። «ውሉ ላይ የተጻፈው ግን ግማሿ ነው» አሉ።

ለካ ያ አሮጌ ፖሊሲ የተጻፈው ከሐምሌ 2016 በፊት ነው። ብሩ በገበያ ይመራ ከተባለ ወዲህ የመኪና ዋጋ የት እንደደረሰ ይህን የሚያነብ ሁሉ ያውቀዋል። እኔ ለንደን ሆኜ ወደ አገር ቤት ብር ስልክ ደስ ያለኝ በዚሁ ምንዛሪ ነው። መኪናዬ ላይ ያለው ቁጥር ግን እዚያው የድሮው ብር ላይ ተኝቷል።

ሰውዬው ወረቀት ስበው አሳዩኝ። መኪናዋ 2 የምታወጣ ሆና በ1 ካስመዘገብሽ ኩባንያው የያዘው ግማሹን አደጋ ነው፣ ሌላውን ግማሽ የተሸከምሽው ራስሽ ነሽ። ስለዚህ ጥገናው 100 ሺህ ብር ቢፈጅ የሚከፈልሽ 50 ሺህ ነው። እኔ እኮ ይሄ መኪናዋ ሙሉ በሙሉ ስትወድም ብቻ የሚሠራ መስሎኝ ነበር። ለተሰበረ መብራትም ይሠራል። ለንደን ያሉ ጓደኞቼ ሲገጩ እንዲህ ያለ ስሌት ሰምቼ አላውቅም፤ እዚያ ብዙ ጊዜ መነሻው መኪናው በአደጋው ቀን ገበያ ላይ የነበረው ዋጋ ነው።

«ሌላም አለ» አሉ ሰውዬው፣ ትንሽ አፍረው። መጀመሪያ ሁሉም ደንበኛ ከኪሱ የሚችለው ኤክሰስ አለ። በላዩ ላይ ደግሞ ለአዲስ ሾፌር የሚጨመር ኤክሰስ ውሉ ውስጥ ተጽፏል። መንጃ ፈቃዴን አዩት። የተሰጠበት ቀን ኅዳር። «ለንደን ካወጣሁ እኮ ዓመት አልፎኛል!» ብዬ የእንግሊዙን የፈተና ወረቀት በስልኬ አሳየሁ። አዩት፣ አዘኑልኝ፣ ምንም አልተለወጠም። በወረቀት ላይ የሳምንታት ሾፌር ነኝ። ዓመቱ ቢቆጠርልኝም የሚያስፈልገው የመንጃ ፈቃድ ዕድሜ አይሞላም ነበር፣ እሱን ኋላ ቤቴ ገብቼ ውሉን ሳነብ ነው ያወቅሁት።

አዎ፣ ቤቴ ገብቼ ሳነብ። ከመፈረሜ በፊት አላነበብኩትም። ጥፋቴን አልክድም፤ «ይቀጥላ!» ያልኩት እኔው ነኝ። ግን ያቺ ፈገግታዋ ያማረ ልጅ የመኪና ዋጋ በየቀኑ ታያለች። «ይህ ዋጋ አሁን አይሆንም፣ ሲገጩ ይጎዳዎታል» ለማለት አሥር ሰከንድ አይፈጅም። ለንደን ያ ሁሉ ጥያቄ ሲያንገሸግሸኝ ኖሮ፣ እዚህ ማንም ስላልጠየቀኝ ነው የተቃጠልኩት። አዲስ አበባ ደስ ያለኝ ያው አለመጠየቁ ነበር እኮ።

ጋራዡን ልርሳው? አልረሳውም። ሳሪስ ያለ ትንሽ ጋራዥ ነው ጨረታውን ያሸነፈው። ሥራው ንጹህ ነው፣ ቀለሙ ከድሮው ይሻላል። ባለቤቱ የተሰባበረውን ዕቃ ለኢንሹራንስ እንዲመለስ በካርቶን ሰብስቦ አስቀምጦልኛል። «ለማጅ» የምትለዋን ወረቀቴንም ላሚኔት አድርጎ መልሶ ለጥፎልኛል፣ ሳልጠይቀው።

ሌላ ለማጅ ዘመድ ከውጭ የሚመጣላችሁ ካለ እንግዲህ እንዲህ በሉልኝ። የሚነዳው ሰው ራሱ ይሂድ፣ መንጃ ፈቃዱን ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጥ፣ «አዲስ ሾፌር ነኝ፣ ብገጭ ከኪሴ ስንት እከፍላለሁ?» ብሎ ይጠይቅና መልሱን ውሉ ላይ በጣቱ ያስጠቁም። የመኪናዋን ዋጋ ከአሮጌ ወረቀት ሳይሆን የዚያን ሳምንት ገበያ ጠይቆ ያስጽፍ። ኢንሹራንሱ የገባው ቀደም ብሎ ከሆነም በዓመቱ መሀል ልዩነቱን ከፍሎ ማስተካከል ይቻላል። እኔ ከአደጋው በኋላ አስተካክያለሁ፤ አንድ ቀን ብቻ ነው የፈጀው። አስቂኙ ነገር እሱ ነው፣ ገንዘብ ለመቀበል ሲሆን ሲስተሙ ይሠራል።

የካቲት ላይ ተመለስኩ። ቼኩ የወጣው እኔ በበረርኩ በአራተኛው ቀን ነው። እህቴ ፎቶ አንስታ በቴሌግራም ላከችልኝ። ቁጥሩን አይቼ ስልኩን ዘጋሁት። ትንሽ ቆይቶ ሌላ መልእክት መጣ፦ «ያቺ ልጅ ሰላም ብላሻለች። ሾፌሯ መቼ ትመጣለች ብላ ጠየቀችኝ።»

አሁን ጠየቀች።