ደመና ወይስ ብራ?

እኔ የደመና ሰው ነኝ። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ሐምሌ ሲገባ ጉሙ ደጅ ድረስ ይመጣል። ጋቢ ደርቦ፣ ቆሎ እየቆረጠሙ የቆርቆሮውን ዝናብ ማዳመጥ! ከዚህ የሚበልጥ ምን አለ?

እናቴ አትስማማም። ለእሷ ደመና ማለት የማይደርቅ ልብስ፣ የሚጨስ እርጥብ እንጨት፣ የሚሻግት ብቅል ነው። ብራ ሲሆን ግን ስጡ ይወጣል፤ በርበሬው ሰሌን ላይ ይዘረጋል። ልጅ ሳለሁ ስጥ ጠባቂው እኔ ነበርኩ። ዶሮ እያባረርኩ፣ አናቴ እየጋለ፣ ደመና በመጣ እያልኩ እለምን ነበር። ፀሐይን የጠመድኳት ያኔ ሳይሆን አይቀርም።

ቦታውም ይወስናል። ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ ሲወርዱ ፀሐይዋ ቀልድ አታውቅም። ሚያዝያ ላይ ባሕር ዳርም ጥላ ያስፈልጋል። የጮቄ ተራራ ግን ከ4,000 ሜትር በላይ ነው፤ እዚያ ፀሐይ የምትናፈቅ እንግዳ ናት።

አንድ ነገር ግን ለብራ ወዳጆች ልንገራቸው። የኅዳርና የታኅሣሥ ጥርት ያለ ሰማይ ቀን ያሞቃል፣ ሌሊት ግን ውርጭ ያመጣል። ደመና የምድርን ሙቀት እንደ ብርድ ልብስ ይዞ ያቆያል፤ ሰማዩ ሲገለጥ ሙቀቱ ሽቅብ ያመልጣል።

እርግጥ ነው፣ ጤፍ ታጭዶ ሜዳ ላይ ሳለ ደመና ካየሁ እኔም ሆዴ ይባባል። ያን ጊዜ ከእናቴ ጋር ነኝ።